እጁን ከኪቦርዱ ላይ ያነሳው ሰው

ጋሽ ዘነበ ማረፉን የሰማሁት ጀሞ ታክሲ ተራ ተሰልፌ ነው። ልጁ ማርታ ደወለች። "ሰኒ፣ አባባ..." ብላ ለቅሶዋን ለቀቀችው። ከኋላዬ የቆመው ሰው "እህት፣ ሰልፉ ሄዷል እኮ" እያለ ይነካካኛል፤ እግሬ ግን አልንቀሳቀስ አለኝ። መጀመሪያ የተሰማኝ ሐዘን አልነበረም፤ ከልማድ የመጣ ድንጋጤ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስለዚህ ሰው ስሰጋ ኖሬያለሁ። አሁን ምን ይል ይሆን፣ አሁን የቱን ዘፈን እምቢ ይል ይሆን፣ ማን ይመታው ይሆን እያልኩ። እዚያው ሰልፉ ላይ ቆሜ አሁንም እሰጋለሁ፤ የምሰጋለት ሰው ግን የለም።

ጋሽ ዘነበ የሰርግ ኪቦርዲስት ነበር፤ እኔ ደግሞ የእሱ ድምፃዊት። በእኛ ሥራ ሙሉ ባንድ የሚቀጥር ሰርገኛ ጥቂት ነው። አንድ ኪቦርድ፣ አንድ ድምፃዊ፣ ሁለት ትልልቅ ስፒከር፣ አለቀ። ከበሮውም፣ ማሲንቆውም፣ ዋሽንቱም ከዚያው ከኪቦርዱ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ኪቦርዲስቱ እጁን ካነሳ ድምፃዊቷ ራቁቷን እንደቆመች ቁጠሩት።

ረዥምና ቀጭን ሰው ነበር፣ ትከሻው ትንሽ ጎበጥ ያለ፣ ክረምት ከበጋ አንድ ግራጫ ኮት የሚለብስ። መጫወት ከመጀመሩ በፊት አንገቱ ሥር ጣቱን አስገብቶ ማተቡን ከሸሚዙ ውጭ ያወጣዋል። አንድ ጊዜ የቪዲዮ ባለሙያው "ጋሼ፣ እሷን ክር ወደ ውስጥ አድርጋት፣ ካሜራ ላይ አታምርም" አለው።

"አታምርም፣ እውነትህን ነው" አለ ጋሽ ዘነበ። "ግን እያየችኝ ልጫወት።"

ኮራ ብሎ አልነበረም የተናገረው። እንዲያውም ያፈረ ይመስል ነበር።

የተዋወቅነው ሀና ማርያም ሰፈር ቤቱ ነው። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ድምፃዊት ይፈልጋል ብለው ሰዎች ላኩኝ። ሁለት ክፍል ቤት፣ ጥግ ላይ በአልጋ ልብስ የተሸፈነ ኪቦርድ፣ ግድግዳው ላይ የሟች ሚስቱ ፎቶ። ያን ጊዜ "እርስዎ" ነበር የምለው። "መድረክ ላይ እርስዎ እያልሽኝ ዘፈን አይወጣልንም" ብሎ አስተወኝ። ከዚያ አንድ ዘፈን ምረጪ አለኝና ልጀምር ስል በእጁ አስቆመኝ።

"ዜማውን ተይው። ቃሉን ብቻ ንገሪኝ፣ እንደምታወሪ አድርገሽ።"

ነገርኩት። ግማሹ ላይ ስደርስ አፌ ተያዘ፤ ለካ የምለውን አስቤው አላውቅም። እሱ አልሳቀብኝም። ሌላ ዘፈን መረጥን። እንዲያ እያልን ስድስት ዘፈን ጣልን፣ አራት አስቀረን።

ያ ነገር ዘጠኝ ዓመት አላቆመም። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ይደውላል። "ሰኒ፣ ያ ሦስተኛው ዘፈን ላይ ከፈጣሪ አስበልጬ የምትይው ነገር አለ። እናውጣው።"

"ግጥም ነው እኮ ጋሼ። ሰው ሁሉ ይለዋል።"

"ሰው ይበለው። አንቺ ስትይው የማጅብሽ ግን እኔ ነኝ።"

እናወጣዋለን። በሳምንቱ ደግሞ ይደውልና "ምናልባት አጥብቄ ይሆን? ሰውየው ሚስቱን ወዶ ያለውን ነው የከለከልኩት?" ይለኛል። እንዲህ ነበር። ብዙ ሰው እምነት ያለው ሰው የረጋ ይመስለዋል፤ ጋሽ ዘነበ ግን አንድም ቀን ረግቶ አላየሁትም።

ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ከአጥር ግቢው በር ብዙም አያልፍም። ነጠላውን ተከናንቦ አንድ ዛፍ ሥር ይቆማል። አንድ ቀን ለምን እንደማይገባ ጠየቅኩት።

"ነጋዴው ይገባል፣ ሹፌሩም ይገባል። አንተ ምን አድርገህ ነው?"

"እሱን ነው ሃያ ዓመት ሙሉ ያላወቅኩት" አለኝ።

የንስሐ አባቱ ቁርጡን ነግረውታል፤ ሥራህን ትተህ ና፣ ትቆርባለህ ብለውታል። ጋሽ ዘነበ አልተጣላቸውም፣ አላማቸውም። በየዓመቱ ሄዶ ይጠይቃቸዋል፣ በየዓመቱ ያንኑ ይሉታል።

"ለምን አትተወውም ታዲያ?"

"እንጀራዬ ስለሆነ ብልሽ ትንሽ እዋሻለሁ። ፈጣሪ የሰጠኝ ይሄን ጆሮ ነው። አልሰጠኸኝም ልበለው?" ጣቶቹን ያፍተለትላል። "ባልተወውስ፣ ያዘዙኝ እሳቸው ናቸው፣ እሳቸው ደግሞ ከራሳቸው አይናገሩም። ብተወውም እፈራለሁ፣ ባልተወውም እፈራለሁ።"

አሁን እጁን ከኪቦርዱ ወዳነሳበት ሰርግ ልምጣ።

የዚያን ሰሞን አገሩ እንዴት እንደነበር የኖረበት ያውቀዋል። ሰው ታክሲ ውስጥ ስልኩን ከማንሳቱ በፊት ጎንና ጎኑን ያያል። አንድን ሕዝብ በጅምላ የሚያዋርድ አንድ ዘፈን በየስልኩ ይዞር ነበር። ዜማው ያምራል፣ ትከሻ ያስነሳል። ቃሉን እዚህ አልጽፈውም።

ጥር ውስጥ አንድ እሁድ ለቡ መብራት ኃይል አካባቢ ባለ አዳራሽ ሰርግ ይዘን ነበር። ገና ሽቦ ስንዘረጋ የሙሽሪት እናት መጡ። ወይዘሮ ዓለምነሽ ይባላሉ፤ ደልደል ያሉ፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን የሚቀንሱ ሴት ናቸው። የትውልድ አገራቸውን ነገሩንና "የኛንም አገር አንድ ሁለት ትጫወቱልኛላችሁ አይደል? ሰዉ ቅር ካላለው ነው" አሉን። ዘፈኑ የሚሰድበው የእሳቸውን ወገን እንደሆነ ጋሽ ዘነበም እኔም ያን ጊዜ ገባን። ጋሽ ዘነበ "ምን ገዶን እናቴ፣ ሦስት እንጫወትልዎታለን" አላቸው።

ከምሳ በኋላ ተጫወትነው። የጨፈሩት ወይዘሮ ዓለምነሽና ሁለት እህቶቻቸው ብቻ ነበሩ። ከወንዱ ወገን ማንም አልተነሳም። ሦስቱ ሴቶች መሐል ሜዳ ላይ ሲጨፍሩ እኔ በፍርሃት እዘፍናለሁ፣ የሚያልቅም አልመሰለኝም።

እንዳለቀ የሙሽራው አጎት ወደ መድረኩ መጣ። ትልቅ ሰው ነው፣ በምን እንደሆነ ባላውቅም ሁሉም ይነሳለታል። ጎንበስ ሲልልኝ ኮቱ ተከፈተና ወገቡ ላይ የሽጉጡን እጀታ አየሁት። ያንን ዘፈን በስሙ ጠራልኝና "አሁን ደግሞ እሱን" አለ። ፈገግ ብሎ ነው ያለው።

ወደ ጋሽ ዘነበ ዞርኩ። ራሱን ነቀነቀ፣ አይሆንም ማለቱ ነው። አጎትየው አልሄደም፣ አጠገቤ ቆሟል፣ ሽቶው ይሸተኛል። ጋሽ ዘነበ በፊት የነበረውን ምት ገና አላቆመውም፤ ከበሮው ከኪቦርዱ ውስጥ ብቻውን ይመታል።

ጀመርኩት። ማንም አፌን በግድ አልከፈተውም። ሁለት ስንኝ አልኩ። ግማሹ አዳራሽ በእልልታ ተነሳ፣ ግማሹ ደረቀ። ከፊት ጠረጴዛ፣ እንግዳ ሲያስተናግዱ ቆይተው ገና ምሳ የያዙት ወይዘሮ ዓለምነሽ ሹካቸውን ሳህኑ ላይ ሲያስቀምጡ ታዩኝ። ያን ጊዜ ከበሮው ቆመ። ሦስተኛው ስንኝ መጀመሪያ ላይ ድምፄ ብቻውን ቀረ፣ አንድ ቃል ብሎ እሱም ጠፋ።

ዞር ስል ጋሽ ዘነበ ሁለቱን እጆቹን ጉልበቱ ላይ አስቀምጧል። ማይክ አልያዘም፣ ግን አዳራሹ ጸጥ ስላለ ሁሉም ሰማው።

"ይቅርታ አድርጉልን። ይሄን አልጫወትም።"

"ማነህ አንተ?" አለ አጎትየው። "የማን ወገን ነህ?"

"ክርስቲያን ነኝ።"

"እሱን አልጠየቅኩህም።"

"ሌላ መልስ የለኝም ጌታዬ" አለ ጋሽ ዘነበ። ጉልበቱ ላይ አንዱን እጁን በሌላው ጠበቅ አድርጎ ይዞታል።

አጎትየው ኪቦርዱን በእግሩ ገፋው። ከነማቆሚያው ተገልብጦ መድረኩ ጠርዝ ላይ ወደቀ፣ ነጫጮቹ ቁልፎች እየዘለሉ ሰው እግር ሥር ገቡ። እጁ ወደ ወገቡ ሲሄድ አየሁ፣ ወይም ያየሁ መሰለኝ፣ እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም። ሙሽራው ሮጦ መጥቶ አጎቱን በሁለት እጁ አቀፈው። የአዳራሹ ኃላፊ እኛን በወጥ ቤቱ በር አስወጣን።

ውጭ፣ የውሃ ታንከሩ አጠገብ፣ ጋሽ ዘነበ ጎንበስ ብሎ አስታወከ። አፉን ጠረገና "ኮቴን ረሳሁት" አለኝ። ተመልሶ ለመውሰድ የደፈረ ግን የለም። ታክሲ ውስጥ፣ ጀሞ ልንደርስ ስንል "ሰኒ፣ ሴትዮዋ ምሳቸውን በልተው ነበር?" አለኝ።

አላውቅም አልኩት። ዘፈኑን ለምን እንደጀመርኩ ግን አልጠየቀኝም። ቢጠይቀኝ ይሻለኝ ነበር።

አንዱ ቀርጾት ኖሮ በሁለት ቀን ውስጥ ቪዲዮው ቲክቶክ ላይ ወጣ። የእኔ ፊት ብዙም አይታይም፣ የእሱ ግን ጥርት ብሎ ይታያል። ግማሹ ጀግና አለው፣ ግማሹ ባንዳ አለው። በማያውቀው ቁጥር እየደወሉ ይሰድቡታል፤ እሱ ደግሞ እስኪጨርሱ ሰምቶ "እሺ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ" ብሎ ይዘጋል። አንድ ጠዋት ሁለት ሰዎች መኪና አቁመው ሰፈሩ ያለውን ባለሱቅ፣ ከድርን፣ የኪቦርዲስቱን ቤት ጠየቁት። ከድር ዓይኑን ሳያሽ "ለቋል፣ ሐዋሳ ሄዷል" አላቸው። ጋሽ ዘነበ ያን ጊዜ ከሱቁ በስተጀርባ፣ ሃያ እርምጃ ላይ፣ ልብሱን እያሰጣ ነበር።

ማርታ ልታለቅስ ምንም ሳይቀራት ለመነችው። "ቢሾፍቱ አክስቴ ጋ ሂድ፣ አንድ ወር ብቻ።"

"ብሄድም ባልሄድም ከድርን በእኔ ምክንያት አስዋሽቻለሁ፣ መሄዴ ያን አያነሳልኝም" አላት። አልሄደም። ግን በር ሲንኳኳ ሻይ የያዘ ከሆነ ይፈስበታል። እኔ ልጠይቀው ስሄድ ከርቀት እደውልለት ነበር፣ እንዳይደነግጥ።

ጾም ሊገባ ሳምንት ሲቀረው አንድ ወጣት ሰባኪ ቤቱ መጣ፤ እኔም ነበርኩ። ዘመናዊ ሰው ነው፣ ንግግሩ ይጥማል። ቪዲዮውን አይቶ እንዳለቀሰ ነገረን። ጀሞ አካባቢ ትልቅ ጉባኤ አዘጋጅተዋል። ጋሽ ዘነበ እዚያ ወጥቶ ምስክርነት ቢሰጥ ስንቱ ወጣት እንደሚመለስ አስረዳው። የመዝሙር ስቱዲዮ ውስጥም ቋሚ ሥራ አለን፣ የሚሰበር ኪቦርድ የለበትም አለና ሳቀ።

"ምን ብዬ ነው የምመሰክረው?" አለ ጋሽ ዘነበ።

"እውነቱን! በዚያ ቀን እግዚአብሔር ከዘፈን ዓለም ነጥቆ አወጣኝ ይበሉ።"

"አላወጣኝም እኮ። ቅዳሜ ጀሞ ሰርግ አለብኝ። ኪቦርድ ተውሻለሁ።"

ሰባኪው ትንሽ ግራ ገባው። "ታዲያ ቅዳሜን ይተዉታላ።"

"ሰርግሽን እጫወታለሁ ብዬ ለልጅቷ ቃል ገብቻለሁ። የጎረቤት ልጅ ናት።" ጋሽ ዘነበ ጭንቅ ብሎታል፤ ግንባሩን ላብ ወርሶታል። "መምህር፣ አይቆጡኝ። ያን ቀን አንድ ዘፈን እምቢ አልኩ እንጂ ዘፈንን አልተውኩም። አንድ ቀን ልተወው እችላለሁ። ያን ጊዜ ጠርተው ያስመስክሩኝ። አሁን ግን በእግዚአብሔር ስም ቆሜ ልዋሽ ነው?"

ሰባኪው በትህትና ተሰናብቶ ሄደ። በሩ እንደተዘጋ ጋሽ ዘነበ ወደ እኔ ዞሮ "አጠፋሁ እንዴ?" አለኝ። እኔ እውነቱን ለመናገር ተናድጄበት ነበር። ሥራ አጥተናል፣ የሚቀጥረን አይደውልም፣ ከዘፈኑም ከመዝሙሩም ወገን የመጣለትን እንጀራ እሱ ይገፋዋል። "አዎ፣ አጥፍተሃል" አልኩት።

ከፋሲካ በኋላ ተለየሁት። ተጣልተን አይደለም። ሌላ ኪቦርዲስት አገኘሁ፣ ወጣት፣ ሁሉንም የሚጫወት፤ "ለጊዜው ነው" ብዬ ነገርኩት፣ እሱም "ሂጂ፣ መኖር አለብሽ" አለኝ። በዚያ የሰርግ ወቅት ያ ዘፈን ሁለት ጊዜ ተጠየቅኩ። አንዴ ጉሮሮዬን አመመኝ ብዬ አመለጥኩ። ሁለተኛው ጊዜ ግን ዘፈንኩት። ሽጉጥ የያዘ ሰው አጠገቤ አልነበረም። ጠያቂዎቹ ደስ የሚሉ ልጆች ነበሩ፣ አዳራሹም አጨበጨበልኝ።

መስከረም ላይ ጋሽ ዘነበ ደም ግፊቱ ተነስቶ ወደቀ። ከሆስፒታል ሲወጣ ግራ እጁ አልታዘዝ ብሎት ነበር። ልጠይቀው የሄድኩት ጥቅምት ላይ ነው፤ እስከዚያ ድረስ በየሳምንቱ መንገድ እየጀመርኩ እመለስ ነበር። አልጋው ላይ ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። ጤናውን ጠየቅኩ፣ ማርታ ሻይ አምጥታ ወጣች፣ እኔም ሳላስበው አመለጠኝ።

"ጋሼ፣ ያን ዘፈን ዘፈንኩት።"

"መቼ?"

"ሚያዝያ። ከሌላው ልጅ ጋር።"

"እስከ መጨረሻው?"

"እስከ መጨረሻው።"

በቀኝ እጁ ግራ እጁን ይዞ ጣቶቹን አንድ በአንድ ይዘረጋቸዋል፣ ሐኪም ያዘዘው ነው። ከዚያ ያልጠበቅኩትን ነገረኝ። ከዚያ ሰርግ በኋላ በሳምንቱ፣ ያ ሁሉ ስድብ በስልኩ ሲወርድበት፣ ብቻውን ለቡ ሄዶ የወይዘሮ ዓለምነሽን ቤት ጠይቆ አግኝቷል።

"ምን ልታደርግ?"

"ይቅርታ ልጠይቅ። ሁለት ስንኝ ብለናል እኮ።"

"አንተ አላልክም። እኔ ነኝ ያልኩት።"

"ከበሮው የኔ ነበር። ቶሎ አላቆምኩትም፣ ፈራሁ።" ቀና ብሎ አየኝ። "የኔን እኔ ጠይቄያለሁ። ያንቺን ግን ልጠይቅልሽ አልቻልኩም ሰኒ። ልበል ብዬ ነበር፣ አፌ ላይ አልመጣልኝም። አንቺው ሂጂ።"

እሄዳለሁ አልኩት። አልሄድኩም። በየጊዜው ስልክ ስደውልለት ስለ ጤናው እናወራለን፣ እሱም አይጠይቀኝም፣ እኔም አላነሳም።

ኅዳር ላይ የንስሐ አባቱ ቤቱ ድረስ መጡ። እጁ ከእንግዲህ እንደማይጫወት ሰምተዋል። አሁን የሚከለክልህ ነገር የለም፣ ተዘጋጅ፣ ትቆርባለህ አሉት። ሃያ ዓመት የጠበቀው ቃል ነው። ሲነግረኝ ፊቱ ላይ ደስታ ፈለግኩ፣ አጣሁ።

"ሌት ተቀን እሱን ነው የማስበው" አለኝ። "እኔ ተመልሼ ነው ወይስ እጄ ሰንፋ? ብትድን ነገ ተነስቼ እጫወታለሁ። ለእሳቸውም ነገርኳቸው።"

"ምን አሉህ?"

"ስትድን እንነጋገራለን፣ አሁን ና አሉኝ።"

በታኅሣሥ አንድ እሁድ ማርታ በአንድ ወገን፣ እኔ በአንድ ወገን ይዘነው ያን ዛፍ አለፍን። በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ፤ የሚመለስ መሰለኝ። ክብደቱ ሁሉ ክንዴ ላይ ነበር። ገባ። ሲወጣ አፉን በነጠላው ሸፍኖ፣ ቀኑን ሙሉ ከማንም ጋር አልተነጋገረም። በማግስቱ ስደውልለት ያለኝ ይሄን ብቻ ነው፤ "ፈርቼ ነው የቀረብኩት። ግን አልመለሱኝም።"

ያረፈው ግንቦት ላይ ነው። ቀብሩ ላይ ሰፈሩ በሙሉ ነበር፤ ከድር ሱቁን ዘግቶ ከወንዶቹ ጋር አስከሬኑን ተሸከመ። የሰርግ ሙዚቀኞችም መጡ፣ ስንት ጊዜ "ዘነበ ጳጳሱ" እያሉ የቀለዱበት ሁሉ። ወይዘሮ ዓለምነሽን በዓይኔ ፈለግኩ፤ አልነበሩም። ባለመኖራቸው ቅልል ሲለኝ ታወቀኝ፣ ያ ነው ራሴን ያስጠላኝ።

በአምስተኛው ቀን ከጀሞ ተነስቼ ለቡ ሄድኩ። ቤቱን ለማግኘት ሦስት ሰው ጠየቅኩ፤ ሦስተኛው ሲያሳየኝ ምነው ባላሳየኝ ብዬ ተመኘሁ። በሩን የከፈቱት ራሳቸው ናቸው። ከስተዋል። "ማንን ፈልገሽ ነው የኔ ልጅ?" አሉኝ።

"እርስዎን ነው እናቴ። ሰናይት እባላለሁ። ከጋሽ ዘነበ ጋር የምዘፍነው ነኝ። የልጅዎ ሰርግ ላይ ያን ዘፈን የጀመርኩት እኔ ነኝ።"

በሩን እንደያዙ ቀሩ። እጃቸው ብረቱን ጠበቅ ሲያደርገው አየሁ።

"ሰውየው ደህና ነው?" አሉኝ።

"አርፏል። አምስት ቀኑ ነው።"

ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ። ለሱ አለቀሱ፤ እኔ እዚያው ደፉ ላይ ቆሜያለሁ። ሲረጋጉ የመጣሁበትን ተናገርኩ። ማንም እንዳላስገደደኝ ነገርኳቸው። ሚያዝያ ላይ እንደገና፣ እስከ መጨረሻው እንደዘፈንኩትም ነገርኳቸው፣ እሱን ባልናገር ማንም የሚያውቅብኝ ባይኖርም። ይቅር ይበሉኝ አልኳቸው።

"ልጄ የሰርጓን ቪዲዮ እስከ ዛሬ አላየችውም" አሉ። "ባሏ ሊከፍትላት ይሞክራል፣ ያንቺ ድምፅ ጋ ሳይደርስ ታጠፋዋለች።"

ወደ ቤት ግቢ አላሉኝም። በሩንም አልዘጉም።

"እኔ እናት ነኝ፣ የኔን ልተወው እችላለሁ" አሉ ቆይተው። "የሷን ግን አልተውልሽም። ነገ ምሳ ላይ ከነባሏ ትመጣለች። ለሷም እንደዚሁ ቆመሽ ንገሪያት።"

"ባሏም ይኖራል?"

"ይኖራል።"

ቤቴ ገብቼ ምክንያት ፈለግኩ፤ ሥራ አለ፣ አሞኛል፣ አድራሻው ጠፋኝ። ሁሉንም አሰብኳቸው።

በማግስቱ ሄድኩ።